ከዜሮዋ ጋር ነው ወይስ ከአስሯ? ታይሚንግ ምልክቱ አልገጥም ላለው አንባቢ

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ኖት? ምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው፣ መኪናዬ ኮሮላ ነች የ1996 ሞዴል፣ ሞተሯ 4ኤ-ኤፍኢ። የታይሚንግ ቺንጋዋ፣ የሞተሩን የታችና የላይ ዘንግ አያይዞ ሚያዞረው ባለጥርስ ላስቲክ፣ መቼ እንደተቀየረ ከሸጠልኝ ሰውዬ ጀምሮ ሚያውቅ ሰው ስለሌለ ልቀይረው ብዬ ጋራዥ ጠየኩ፣ ለእጅ የጠሩብኝ ዋጋ ግን አስደነገጠኝና ቺንጋውንም መወጠሪያ ኩሽኔታውንም ሶማሌ ተራ ገዝቼ ቅዳሜ ጠዋት ፓርኪንጉ ላይ ራሴ ገባሁበት። እስከ ቺንጋው ድረስ በሰላም ፈታሁ። አዲሱን ሳስገባ ግን የታችኛው ምልክት ገጥሞ የላይኛው አይገጥምም፣ አንድ ጥርስ ወደፊት ሳረገው ያልፋል፣ አንድ ጥርስ ስመልሰው ይቀራል፣ መሀል ላይ ሚቆም ጥርስ የለም። ሌላው ደግሞ አሮጌው ቺንጋ ላይ በነጭ ቀለም ምልክት አርጌ ጥርሱን ቆጥሬ ወደ አዲሱ አዛውሬ ነበር፣ እሱን ይዤ አስገብቼ በእጄ ሁለቴ ሳዞረው ቀለሙ ጭራሽ ሌላ ቦታ ሄዶ ቁጭ አለ። ቺንጋው ሌላ ሞተር ነው እንዴ የሰጡኝ? እስካሁን ሳዞር ሳዞር ቫልቭ አጥፌስ ቢሆን? ሰኞ ሥራ አለብኝ።

መልስ፦ ልጄ፣ ደብዳቤህ እኔ ጋ ሲደርስ ሰኞው አልፏል፣ ይሄ መጽሔት አንተ ጋ እስኪደርስ ደግሞ ስንት ሰኞ ያልፋል፣ በታክሲ እየሄድክ እንደሆነ እገምታለሁ። ብቻ አንድ ነገር ልንገርህና እንቅልፍህን ተኛ፦ ቫልቭ አላጠፍክም። ያንተ 4ኤ-ኤፍኢ ቺንጋው ቢበጠስ እንኳን ፒስተኑና ቫልቩ እንዳይገናኙ ተደርጎ የተሠራ ነው፣ በመሀላቸው ቦታ አለ። በእጅህ ቀስ ብለህ አዙረህማ ምንም አታረገውም። ይሄን ስልህ ግን ሌላ መኪና ያላችሁ አንባቢዎች "ጋሼ አዙሩት ብሏል" ብላችሁ እንዳትነሱ፣ ከዚህ ሞተር ውጪ ብዙ ሞተር ላይ ቺንጋ ሳይኖር ክራንኩን፣ ፒስተኖቹ ሚያያዙበትን የታችኛውን ዘንግ፣ ማዞር ማለት ቫልቭ በፒስተን መኮርኮም ማለት ነው፣ ናፍጣ ከሆነማ ጭራሽ።

አሁን ወደ ምልክቱ እንምጣ። "መሀል ላይ ሚቆም ጥርስ የለም" ያልከው ነገር ራሱ መልሱን ነገረኝ። ሰው በአንድ ጥርስ ሲሳሳት በሙሉ ጥርስ ነው ሚሳሳተው፣ ያኔ አንድ ስትመልስለት ልክክ ብሎ ይገባል። ያንተ ግን አንዴ ያልፋል አንዴ ይቀራል፣ ይሄ ማለት አንደኛው ምልክት ራሱ ልክ ቦታው ላይ አይደለም ማለት ነው። እኔ በምወራረደው ደግሞ ጥፋቱ ታች ነው፣ ክራንኩ ጋ።

የታችኛው ፕላስቲክ ካቨር ላይ፣ ክራንኩ ጫፍ ላይ ካለው ትልቁ ፑሌጂያ (ቺንጋ ሚዞርበት ክብ ብረት) ጎን ማለቴ ነው፣ አንድ መስመር ብቻ አይደለም ያለው፣ እንደ ማስመሪያ የተደረደሩ ጭረቶች ናቸው ያሉት፣ አንዷ ዜሮ ናት ሌላዋ አስር። አስሯ ለሌላ ሥራ ናት፣ ሞተሩ ተነስቶ በመብራት የእሳቱን ታይሚንግ ስታይ ነው ምትጠቅምህ፣ የዚ ሞተር እሳት ፒስተኑ ጫፍ ሳይደርስ 10 ዲግሪ ሲቀረው ነውና። ቺንጋ ስታስገባ ግን ምትፈልገው ፒስተኑ ጫፍ ላይ ሲሆን ነው፣ ያ ዜሮዋ ናት። ክራንኩን በሰዓት አቅጣጫ ስታዞር ደግሞ መጀመሪያ ምታገኛት አስሯን ነው፣ ካቨሩ በዘይትና በአቧራ ተለብጦ ቁጥሩ ካልታየህ "አገኘኋት" ብለህ እዛው ታቆማለህ።

ሒሳቡን እየው። የክራንኩ ጥርስ 24 ነው እንበል፣ አንድ ሙሉ ዙር 360 ዲግሪ ስለሆነ ለአንድ ጥርስ 15 ዲግሪ ይደርሰዋል። አንተ በ10 ዲግሪ ብትሳሳት የጥርሱን ሁለት ሦስተኛ ነው የተሳሳትከው፣ ስለዚ ላይ ያለው ካምሻፍት፣ ቫልቮቹን ሚከፍተው ዘንግ፣ በአንዱ በኩል ሁለት ሦስተኛ ጥርስ ይጎድላል፣ ቺንጋውን አንድ ጥርስ ስታሻግረው ደግሞ አንድ ሦስተኛ ያልፋል። ያልከኝ ነገር ይሄው አይደል?

ስለዚ እንዲህ አርግ። የቀኝ የፊት ጎማውን አውጣውና በጎን በኩል እየው፣ ከላይ ኮፈኑ ስር አጎንብሰህ ያየኸው ምልክት ሁሌም ያሳስታል፣ አይንህ ትንሽ ዘወር ባለ ቁጥር ጭረቷም አብራህ ትዘዋወራለች። ቤንዚን በነካ ብሩሽ ካቨሩን እጠበው፣ ፑሌጂያው ላይ ያለችውን ጎድጎድ ያለች ጭረት ነጭ ቀለም ሙላት፣ የጥፍር ቀለም ቢሆንም ይሠራል፣ እቤት ያለች ሴት አስፈቅደህ። ከዛ ዜሮዋ ላይ አቁመው። ላይ ደግሞ የካምሻፍቱ ፑሌጂያ ላይ ትንሽ ክብ ቀዳዳ አለች፣ በቀዳዳዋ አሻግረህ ስታይ ከኋላዋ ያለው የካምሻፍቱ ካፕ ላይ ያለችው ምልክት መሀሏ ላይ መታየት አለባት። ፊት ለፊት ካለው ፕላስቲክ ወይ ከቴስታታው (ከሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጠርዝ ጋር አይደለም ምታገጥማት፣ ስንቱ ሰው እዚ ጋ እንደሚሳሳት ብታይ።

ዜሮ ላይ አርገኸውም ካልገጠመ ወደ ሁለተኛው ጥርጣሬ እንሄዳለን። ትልቁ የክራንክ ፑሌጂያ አንድ ወጥ ብረት አይደለም፣ መሀሉ ላይ ጎማ አለው፣ የውጪው ቀለበት በዛ ጎማ ነው ተጣብቆ ያለው። መኪናዋ የ1996 ናት፣ ጎማው ደርቆ የውጪው ቀለበት ተንሸራቶ ከሆነ ምልክቱ አብሮት ሄዷል፣ ዜሮ እያለህ ይዋሽሃል። ይሄን ለማጣራት ፑሌጂያውንም የታችኛውንም ካቨር አውጣና ከስር ያለውን ትንሹን የቺንጋ ጥርስ ተመልከት፣ እሱ የራሱ ምልክት አለው፣ ሚገጥመውም ዘይት ፓምፑ ገላ ላይ ካለችው ምልክት ጋር ነው። እሱ አይዋሽም፣ ብረት በብረት ነው። እኔ እንደውም ሁሌ በሱ ነው ምሠራው፣ የውጪውን ፑሌጂያ ለማረጋገጫ ብቻ ነው ማየው። ሁለቱ ካልተስማሙ የውስጠኛውን እመን፣ ፑሌጂያውን ደግሞ ቀይረው፣ አንድ ቀን መንገድ ላይ ቀለበቱ ወልቆ ሁሉንም ቺንጋ ይዞብህ ይሄዳል።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ሚጠይቀኝን ልጨምር፣ አንተም ሳትጠይቀኝ አትቀርም ነበር። ክራንኩ ሁለቴ ሲዞር ካምሻፍቱ አንዴ ነው ሚዞረው። ስለዚ ክራንኩ ዜሮ ላይ ሲሆን የላይኛዋ ቀዳዳ አንዳንዴ ላይ አንዳንዴ ታች ናት፣ ቺንጋው ገብቶ እያለ ታች ካገኘሃት ሌላ አንድ ሙሉ ዙር አዙር፣ ትመጣለች። ቺንጋው ወጥቶ ከሆነ ደግሞ ካምሻፍቱን ብቻ በቁልፍ ይዘህ ወደ ቦታው አምጣው፣ "ግማሽ ዙር ተሳስቼ ይሆን" ብለህ አትጨነቅ፣ ክራንኩ ዜሮ ላይ እስካለ ድረስ አንደኛውም አራተኛውም ፒስተን ጫፍ ላይ ናቸው፣ የትኛው ኮምፕሬሽን ላይ እንደሆነ ሚወስነው ካምሻፍቱ ነው፣ እሳት ሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተርም ያንተ ሞተር ላይ ከካምሻፍት ጋር ተያይዞ ስለሚዞር አብሮ ይስተካከላል። ሁለተኛው ካምሻፍት የታል ብለህ እንዳትፈልግ ደግሞ፣ ውስጥ ነው፣ ከመጀመሪያው ጋር በጥርስ ነው ተያይዞ ሚዞረው፣ ቺንጋው ሚያዞረው አንዱን ብቻ ነው።

ቀለሙ ቦታ ቀየረ ስላልከው። መቀየር አለበት! ይሄን ነገር ሳስብ ስንቱ ጎበዝ ልጅ በትክክል ያስገባውን ቺንጋ ቀለሙ ሄደ ብሎ መልሶ አውጥቶ እንዳበላሸው ትዝ ይለኛል። ቺንጋው የጥርሱ ብዛት ከክራንኩም ከካሙም ጋር እኩል አይካፈልም። ለምሳሌ ቺንጋው 117 ጥርስ ቢኖረው ክራንኩ 24 ቢሆን፣ ሁለት ዙር ስታዞር 48 ጥርስ ነው የተጓዘው፣ ቺንጋው ገና ግማሹ አልዞረም። ያ ቀለም ተመልሶ ክራንኩ ምልክት ላይ ሚመጣው ከ39 ዙር በኋላ ነው፣ የላዩም የታቹም እኩል ይግጠሙ ካልክ 78 ዙር ማዞር አለብህ፣ ክንድህ ይዝላል። ስለዚ የቺንጋው ላይ ቀለም ሚጠቅመው ስታስገባ ለዛች ቅጽበት ብቻ ነው፣ ካዞርክ በኋላ ሚታየው ብረት ላይ ያለው ምልክት ነው፣ ዜሮዋና ቀዳዳዋ። እነሱ ከገጠሙ ቀለሙ ቦሌ ቢሄድም አያገባህም።

ቺንጋው የሌላ ሞተር ነው ወይ ላልከው፣ አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን አርገህ ጥርሳቸውን ቁጠር፣ ስፋታቸውንና የጥርሱን ቅርጽ እይ፣ ክብ ጥርስና ካሬ ጥርስ አለ። እኩል ከሆነ ያንተ ነው። ሶማሌ ተራ ሄዶ ቺንጋ ሚገዛ ሰው ሁሌ አሮጌውን ይዞ ይሂድ፣ "የኮሮላ" ብቻ ብለህ ከጠየክ ኮሮላ ስንት አይነት ሞተር እንዳለው ሻጩም ሳይጠይቅህ ያነሳልሃል። ደግሞ ቺንጋ እንደ ገመድ አጥፈህ ኪስህ አትክተተው፣ ውስጡ ያለው ክር ይሰበራል፣ ከውጪ ምንም አይታይህም።

አሁን አገባቡ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምልክት ገጥሞም ሥራ ሚበላሸው እዚ ነው። ቺንጋውን ከታች ክራንኩ ጋ ጀምር፣ መወጠሪያው በሌለበት በኩል ወጥረህ ወደ ላይ ውሰደው፣ በዛ በኩል ምንም ላላ ሚል ነገር እንዳይኖር፣ የተረፈው ሁሉ መወጠሪያው ባለበት ጎን ይሰብሰብ። ከዛ የመወጠሪያውን ብሎን አላላውና ሞላው ራሱ ይሳበው። በካቻቢቴ እየገፋህ "ይበልጥ ልወጥረው" እንዳትል፣ ሞላው የተሠራው ልኩን አውቆ ነው፣ ከመጠን በላይ የተወጠረ ቺንጋ ሲሄድ ያፏጫል ኩሽኔታም ይበላል። ሞላው ከረዘመ ወይ ከዛገ ቀይረው። ከዛ በክራንኩ ብሎን ይዘህ በሰዓት አቅጣጫ ብቻ፣ ቀስ ብለህ፣ ሁለት ሙሉ ዙር አዙር፣ ከዜሮ ዜሮ። ካለፍካት ወደ ኋላ አትመልስ፣ ወደ ኋላ ስትመልስ መወጠሪያው ጎን ያለው ይላላና ጥርስ ይዘላል፣ እንደገና ሁለት ዙር ሂድ። ገጠመ? አሁን የመወጠሪያውን ብሎን አጥብቅ፣ ማኑዋሉ 37 ኒውተን ሜትር ይላል፣ የክራንኩን ትልቁን ብሎን ደግሞ 118። ቶርክ ቁልፍ ከሌለህ ተከራይ ወይ ተዋስ፣ የክራንኩ ብሎን "በደንብ አጥብቄዋለሁ" ሚባል ነገር አይደለም። እሱን ብሎን ለመፍታት ደግሞ ቁልፉን አስደግፈው በሞተር ማስነሻ ሚመቱ አሉ፣ አይቻለሁ፣ አንተ አታርገው፣ ገና ስትጀምር የባትሪውን ኔጋቲቭ ካወጣህ ፈተናውም አይመጣብህም።

ቀኝ በኩል ሞተሩን ሚይዘውን ማውንት አውጥተህ ነው እዚ የደረስከው መቼም፣ ያለሱ ቺንጋው አይወጣም። ሞተሩን በክሪክ ስትደግፍ በክሪኩና በኮፓው (ከሞተሩ ስር ያለው የዘይት መያዣ) መሀል ሰፋ ያለ ጣውላ አርግ፣ ኮፓ ቀጭን ቆርቆሮ ነው ይሰረጎዳል። መኪናው ራሱ ግን በክሪክ ብቻ ቆሞ ከስሩ እንዳትገባ፣ ይሄን ሁለቴ አልልም።

አንድ ጥርስ ብቻ ተሳስቶ ቢገባስ ምን ይሆናል ለምትሉ፣ ይነሳል። ችግሩ እሱ ነው፣ ይነሳል። ልጅ እያለሁ ተክለሃይማኖት አካባቢ ስሠራ የአንድ ደንበኛ ኮሮላ ቺንጋ ቀይሬ አስረከብኩ፣ ማታውኑ ተመልሶ መጣ፣ "ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ አልወጣ አለኝ" ይላል። እኔ ደግሞ ኩራት ስላለብኝ ቺንጋውን ጭራሽ አልጠረጠርኩትም፣ ካንዴላ ቀየርኩ፣ የቤንዚን ፊልትሮ ቀየርኩ፣ የአየር ፊልትሮ ነፋሁ፣ በመጨረሻ ከፍታው ነው አልኩት፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ነች አየሩ ስስ ነው ምናምን ብዬ አስተማርኩት። ሰውየው ዝም ብሎ አየኝና "ትናንትናም እንጦጦ እዛው ነበር" አለኝ። በማግስቱ ካቨሩን ሳነሳ አንድ ጥርስ ቀርቷል። ስለዚ ቆሞ ሞተሩ ሲዞር ሚንቀጠቀጥ፣ ዳገት ላይ ጉልበት ሚያጣ፣ ቤንዚን ሚበላ መኪና ካለህና ያ ሁሉ የጀመረው ቺንጋ ከተቀየረ በኋላ ከሆነ፣ ሌላ ነገር ሳትነካ ምልክቱን እይ።

ክፍት ሆኖ እያለ የካምሻፍቱንና የክራንኩን ፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳይወጣ ሚይዘውን ጎማ) እያቸው፣ እርጥበት ካለ አሁኑኑ ቀይራቸው፣ ዘይት የነካው ቺንጋ ዕድሜ የለውም። ውሃ ፓምፕ አብረህ ቀይር ሚሉህ ካሉ ግን ያንተ ሞተር ላይ እሱ ሚዞረው በውጪው ቺንጋ ነው፣ ካልተበላሸ ተወው። ለወደፊቱ 100,000 ኪሎሜትር ላይ ነው ምትቀይረው፣ ግን ከተማ ውስጥ ሜክሲኮ አደባባይ ላይ አንድ ሰዓት ቆሞ ሞተሩ ሚዞር መኪና ኪሎሜትሩ አይቆጥርም ቺንጋው ግን ይሠራል፣ ላስቲክ ደግሞ ቆሞም ይደርቃል፣ ስለዚ የቀየርክበትን ቀንና ኪሎሜትር ጽፈህ ካቨሩ ላይ ለጥፍ። ከሚቀጥለው ባለቤት ምርቃት ታገኛለህ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ እነዚህ አሮጌ ኮሮላዎች ከእጅ ወደ እጅ ነው ሚሄዱት መቼም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የሃይስ ሹፌር ነኝ፣ ከፒያሳ ሜክሲኮ ነው ምሠራው፣ ሞተሩ 5ኤል ናፍጣ። ዳሽቦርዱ ላይ "ቲ-ቤልት" ሚል ቀይ መብራት በርቶ አልጠፋ አለ፣ መኪናው ግን ጤነኛ ነው። ለሌሎች እንደሚመልሱት አይነት ነገር ካለ እኔም ረዳቴን ይዤ እሁድ ልሠራው አስቤያለሁ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ መብራቱ ሕመም አይደለም ሚነግርህ፣ ቀጠሮ ነው። ቶዮታ ናፍጣዎቹ ላይ 100,000 ኪሎሜትር ሲሞላ እንዲበራ አርጎታል፣ ቺንጋው ውስጥ ገብቶ አላየውም፣ ኪሎሜትር ብቻ ነው ሚቆጥረው። ስለዚ ወይ ቺንጋው ደርሷል፣ ወይ ከዚህ በፊት ቺንጋው ተቀይሮ መብራቱን ሳይመልሱት ቀርተዋል። የትኛው እንደሆነ ባለቤቱን ጠይቅ፣ ካላወቀ ደርሷል ብለህ ያዘው፣ ሰው ጭነህ ቸርችል ጎዳና ቁልቁል ስትወርድ ከሚበጠስ።

ራስህ ልሥራው ያልከውን ግን አልደግፍህም፣ ንቄህ አይደለም። ያንተ ላይ ምልክቱ ሁለት ሳይሆን ሦስት ቦታ ነው፣ ክራንኩ፣ ካምሻፍቱና የናፍጣ ፓምፑ። ቺንጋው ሲወጣ ፓምፑም ካሙም ውስጣቸው ባለው የሞላ ግፊት ድንገት ዘለል ሊሉ ይችላሉ፣ አንተ እየያዝክ ረዳትህ እያስገባ አንዷ ትሸሻለች። የኮሮላው ልጅ ቢሳሳት ዳገት አይወጣለትም፣ አንተ ብትሳሳት ቫልቩ ፒስተኑ ላይ ያርፋል፣ ቴስታታ ትከፍታለህ፣ ሥራ ሚፈታው ደግሞ ያንተ ብቻ ሳይሆን የባለቤቱም ነው። ናፍጣ ሚያውቅ ሰው ጋ ውሰደው፣ ግን እሁዱን አትተኛ፣ ሄደህ ቁም፣ ማስነሻውን ከመምታቱ በፊት በእጁ ሁለት ዙር አዙሮ ሦስቱንም ምልክት እንዲያሳይህ ጠይቀው። ጎበዝ ባለሙያ ይሄ ሲጠየቅ አይቆጣም። መብራቱንም አጥፍቶ ያስረክብህ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አራት ኪሎ ነው ምሠራው፣ ቪትዝ አለኝ። ሰርቪስ ላስደርግ ስሄድ መካኒኩ "ታይሚንግ ቤልትሽ ሊበጠስ ነው፣ ዛሬ ካልቀየርሽው ሞተር ታጫለሽ" ብሎ ዋጋ ነገረኝ፣ ዋጋው ደግሞ ቀላል አይደለም። ልክፈል?

መልስ፦ አትክፈይ እህቴ። ቪትዝ ታይሚንግ ቤልት የለውም፣ በካቴና፣ በብረት ሰንሰለት፣ ነው ሚሠራው፣ ካቴናው ደግሞ ዘይት በሰዓቱ ከተቀየረለት ብዙ ዓመት ይሄዳል፣ ጠዋት ስታስነሺው ከሞተሩ ጎን እንደ ሰንሰለት ሚንኳኳ ድምፅ ካልሰማሽ አትንኪው። ምናልባት ሰውየው ከውጪ ያለውን የዲናሞ ቺንጋ ማለቱ ይሆናል፣ እሱ ርካሽ ነው፣ ቢያረጅም በአይንሽ ስንጥቁን ታይዋለሽ። ሌላ ቀን ድንገት ሳትኖሪ "ቀየርኩልሽ" ካለሽ ደግሞ አሮጌውን አምጣልኝ በዪው።